ውኃ የበዛበት፣ ውኃ ያነሰበት ጓሮ፦ ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለ ጓሮ አትክልት ሲወራ ወሬው ከሞላ ጎደል ስለ በጋ ነው። ቧንቧው መቼ ይመጣል፣ በርሜሉ ለስንት ቀን ይበቃል፣ ችግኙን ማን ያጠጣል ይባላል። ክረምት ግን ሥራውን ራሱ የሚሠራ ወቅት ተደርጎ ይታያል። እዚህ የሚቀርበው ጓሮ ዝናብ ሳይጎድል በክረምት የጠፋ ነው። ያው መሬት ከአራት ወር በኋላ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ሁለቱ ችግሮች አንድ ሥር እንዳላቸው እስኪታወቅ ድረስ አንድ ሙሉ ዓመት ባክኗል። መንደሮች እየሰፉ የሚሄዱት ወደዚሁ ዓይነት መሬት ስለሆነ ነገሩን በዝርዝር ማስፈር ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

እኔ በአትክልት ልማት ሙያ የሠራሁ የአካባቢው ነዋሪ ነኝ። ጓሮው ላይ ድርሻ የለኝም። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ አባላቱ ጠርተውኝ ከእነርሱ ጋር ስመክር ቆይቻለሁ። የሰዎቹም የብሎኩም ስም አልተጠቀሰም።

ቦታውና ሰዎቹ

ቦታው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አቅጣጫ ባለ የኮንዶሚኒየም መንደር ጥግ ላይ ነው። ወደ ጅረት ዝቅ የሚል ስለሆነ ሳይገነባበት ቀርቷል። ለረጅም ጊዜ የግንባታ ፍርስራሽና ፌስታል ሲጣልበት ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ከወረዳው የቃል ፈቃድ አግኝቶ አጸዳው። 24 ቤተሰቦች ተመዘገቡ። ለእያንዳንዱ 4 በ5 ሜትር ተለካ። የትኛው ቁራሽ ለማን ይድረስ የሚለው፣ ቤቶቹም የተገኙት በዚያው መንገድ ነውና፣ በዕጣ ተወሰነ።

ከአባላቱ መካከል ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ግንበኛ፣ ሹፌሮች፣ ጉሊት የምትነግድ እናት፣ ቢሮ የሚውሉ ወጣት ባልና ሚስት ይገኛሉ። አብዛኞቹ ከመሃል ከተማ የተነሡ ናቸው፤ ዶማ የለመደ እጅ ያላቸው ጥቂት ናቸው። ከአባላቱ ውጭ አንድ ሰው መጠቀስ አለባቸው፤ የመንደሩ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። መንደሩ ከመሠራቱ በፊት እዚያው አካባቢ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። ሁሉም «አባባ» ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ስለ አፈሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

አፈሩ ገበሬው ኮትቻ የሚለው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱና ከዚያም ወዲያ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከእንጦጦ ተዳፋት ቀይ አፈር ጋር አይመሳሰልም። ቀዩ አፈር ዝናቡን ቶሎ ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ ላዩ ላይ ይተኛል። ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ለም ነው፣ እርጥበትም በጥልቀት ይይዛል። ችግሩ የሚቆፈርበት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። እርጥብ ሲሆን ዶማው ላይ ይለጠፋል፤ ደረቅ ሲሆን ዶማውን ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያሉት ምቹ ቀናት ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት

አባላቱ ሁሉም ማለት ይቻላል በሰኔ ተከሉ። ዝናብ መጣ፣ እንትከል የሚለው ስሜት ለከተማ ሰው በጣም ተፈጥሯዊ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ገቡ። መሬቱ ደልዳላ ሆኖ ተስተካክሎ ነበር፤ ማንም መደብ አላነሣም፣ ቦይም አላወጣም።

እስከ ሐምሌ አጋማሽ ደህና መሰለ። ከዚያ ዝናቡ በየቀኑ ሲሆን በታችኛው ረድፍ ላይ ውኃ ተኛ። ካሮቱ በቅሎ ቢጫ ሆነና ቀረ። ቃሪያው ሥሩ በሰበሰ። ቲማቲሙን ምች መታው። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ፤ ከዚያ ግንዱ ጠቆረ፤ አረንጓዴው ፍሬ ሳይበስል ተበላሸ። በምሥራቅ ሸዋም በምዕራብ ሸዋም ድንችና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ክረምት ላይ የሚፈራው ይኸው ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ በጥቂት ቀናት ማሳ ያጠፋል። ድንቹን የተከሉት ባልና ሚስት ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ «ጉደኔ» የሚባል ዝርያ አግኝተው ነበር። ምችን በመቋቋም የሚታወቅ ስለሆነ ቅጠሉ ከሌሎቹ ተሻለ። ሆኖም በነሐሴ ሲቆፈር ከታች ያለው ድንች ሽታ ያለው ውኃ ሆኗል። የዝርያው መከላከያ ለቅጠል በሽታ ነው፤ ውኃ ውስጥ ለተቀመጠ ድንች ምንም አያደርግም።

እርስ በርስ መጋጨት የተጀመረውም ያኔ ነው። የላይኛው ረድፍ ባለ ዕጣዎች ከራሳቸው ቁራሽ ውኃውን ለማስወጣት በየራሳቸው ጭረት ከፈቱ። ውኃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ሄደ። የታችኛው ጎረቤት አፈር ደልድሎ ዘጋው። ውኃው ወደ ጎን ዞሮ ሦስተኛውን ሰው አጥለቀለቀ። አንድ ጠዋት ሁለት አባላት ድምፅ ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ መምህርቷ መካከላቸው ገብተው እንዳበረዱ ሰምቻለሁ። በመስከረም ከ24ቱ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ አልተመለሱም።

የቀሩት በጥቅምትና በኅዳር እንደገና ተከሉ። ይሄ የተሻለ ነበር፤ ጎመንና ቆስጣ ቆሙ። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ በታችኛው ጥግ የነበረውን ዝኩኒና አደንጓሬ አጠቆረው። በጥር አፈሩ ተሰነጠቀ፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማጠጣቱ ቀረ፤ ጎመኑንም ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ ወረሰው።

የችግሩ ሥር

በየካቲት 2015 በተደረገው ስብሰባ አባላቱ ሦስት ምክንያት ይዘው መጡ። ዘሩ መጥፎ ነው፤ ማዳበሪያ አንሷል፤ ቦታው የተረገመ ነው። ሦስተኛውን የተናገረው ሹፌር እየሳቀ ነበር፣ ግን ግማሹን ከልቡ ይመስለኛል።

አባባ በዚያ ስብሰባ ላይ የተገኙት ወንበር ሊያቀርቡ ነበር። መምህርቷ «እስኪ አባባ ይናገሩ፤ እዚህ አርሰዋል አይደል?» አሏቸው። መልሳቸውን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ። «እኛ በሐምሌ እዚህ ላይ ጤፍ እንዘራ ነበር፤ ጤፍ ውኃውን ይችላል። ሽምብራና ጓያ ግን ውኃው ሲሸሽ ነው። እናንተ ሁሉን በአንድ ቀን ዘራችሁት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። በጥቁር አፈር ላይ የአካባቢው ገበሬ ክረምቱን በከፊል የሚያሳልፈው ጠብቆ ነው። ሽምብራውን በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣ እንኳ ተክሉ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል፤ ሥሩ ወደ ታች የሚሸሸውን ውኃ እየተከተለ ይወርዳል። የአባላቱ ዓመት የጀመረው በሰኔ ነበር። የዚህ መሬት ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ለዚህ አፈር ዋናው ወራት ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው የችግሩ ሥር የአከፋፈሉ ነው። መሬቱ በዕጣ ሲከፋፈል ሁሉም ቁራሽ እኩል ስፋት አለው ተባለ። ስፋቱ እኩል ነው፤ ውኃው እኩል አይደለም። የታችኛው ረድፍ የሃያ አራቱንም ቤተሰብ ውኃ ይቀበላል። ቀዝቃዛ አየርም ከባድ ስለሆነ በሌሊት የሚፈሰው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ያው ጥግ በክረምት በውኃ፣ በታኅሣሥ በውርጭ ተመታ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ውኃውን ማስወጣት። በጥቁር አፈር ላይ ውኃ ማንጣፈፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፋፊ መደብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ይገኝ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ማዕከል ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚያሠራ፣ ሁለት ሞፈር አጣምሮ የተሠራ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። መሣሪያው የሚያወጣው መደብ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ለጓሮው ይህንን ልክ መረጥን። በዶማና በአካፋ ለሚሠራ ሰው ይመቻል፤ ከሁለቱም ቦይ ሆኖ የመደቡን መሃል በእጅ መድረስም ይቻላል።

ሒሳቡ ሲነገር ግን ቅሬታ ተነሣ። 4 በ5 ሜትር በሆነ ቁራሽ ላይ ሦስት መደብ ሲወጣ የሚተከልበት 12 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከ20 ካሬ ሜትር ስምንቱ ቦይና መተላለፊያ ይሆናል። ጉሊት የምትነግደው እናት «ታዲያ መሬቴን ለውኃ ልሰጥ ነው?» ስትል ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። መልሱን የሰጠው ያለፈው ሐምሌ ነው፤ ከዚያ ሃያ ካሬ ሜትር ያነሣችው ከአንድ ዘንቢል አይበልጥም ነበር።

ሥራው የተሠራው በግንቦት፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አፈሩን ካለሰለሱ በኋላ ነው። መደቡ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከቦዩ የወጣው አፈር ላዩ ላይ ተጫነ፤ ብስባሽና የበሰለ ፍግ ተቀላቀለበት። የቦዩን ተዳፋት የለካው ግንበኛው ነው። ገመድና ውኃ ልክ ይዞ በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ አደረገ። በዓይን የተገመተ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ ቦይ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ትናንሾቹ ቦዮች ሁሉ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ወዳለው የጋራ ቦይ ይገባሉ። የጋራው ቦይ የማንንም ዕጣ ለብቻው እንዳይቆርጥ ከየአንዳንዱ ጠርዝ እኩል ተወስዶ ተሠራ። ይህ ውሳኔ ጠቡን አበረደው ማለት ይቻላል።

ታችኛውን ጥግ መተው። ሁለት የታችኛው ረድፍ ቁራሾች አትክልት እንዲያበቅሉ መሞከሩ ቆመ። አንዱ 3 በ4 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የውኃ ጉድጓድ ሆነ። በዚህ አፈር ጉድጓድ ላስቲክ ሳይነጠፍበት ውኃ ይይዛል። ሕፃናት ስላሉ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። ሁለተኛው ቁራሽ ላይ ቄጠማ ራሱ በቅሎ ነበር፤ እንዲስፋፋ ተተወ። ለእንቁጣጣሽ ታጭዶ ተሸጠ። በመንደሩ ውስጥ በሰዓታት ውስጥ እንዲህ ያለቀ ሌላ ምርት የለም። ባለ ዕጣዎቹ ከሌሎቹ ተቆርሶ መደብ እንዲሰጣቸውና የቄጠማው ገቢ የእነርሱ እንዲሆን ተጠየቁ። አንዱ ተስማማ፤ ሌላው ወጣ።

የመትከያውን ጊዜ መገልበጥ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በሐምሌና በነሐሴ መደቡ ላይ የሚቆየው ሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ቦይ ማጽዳትና ችግኝ ማፍላት ነው። የችግኝ መደቡ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ፣ ከላይ የሣር ዳስ ተሠርቶለት በነሐሴ መጀመሪያ ይዘራል። በመስከረም መጨረሻ ችግኙ ይዛወራል፤ ካሮትና ቀይ ስር በቀጥታ ይዘራሉ። ሰዓቱ ከጾሙም ጋር ገጠመ። በጥቅምት ሥር የያዘ ጎመንና ቆስጣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ለመቀንጠስ ደርሷል።

በዚያው በመስከረም ከሦስቱ መደቦች ሁለቱ ላይ ሽምብራ ተዘራ። አንዳንዱ አባል ቅር እያለው ነው የዘራው፤ «ለሽምብራ ሽምብራ ገዝቼ አልበላም?» ያለም ነበር። ሽምብራው አንድ ጊዜም ውኃ አልጠጣም። በታኅሣሥ እሸቱን ልጆቹ በልተው ጨረሱት ማለት ይቻላል። ጓይ ትል ፍሬውን በስቶ ነበር፤ በእጅ እየተለቀመ ጉዳቱ ተወሰነ። ከሁሉ በላይ ግን ሽምብራው ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ከመጨመሩም ሌላ መደቡ ያለ ውኃ ወጪ በጋውን እንዲሻገር አደረገ። ይህ ከቀጣዩ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

ውኃን ቆጥሮ ስፋትን መወሰን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ከብሎኩ ጣሪያ ግማሹ ወደ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ የሚገኘው ውኃ ከሚይዘው ዕቃ እጅግ ይበልጣል። አባላቱ አዋጥተው እያንዳንዳቸው 5,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ገዙ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርዱ ወደ ውጭ ይፈስሳሉ፤ ሮቶው የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ከጉድጓዱ 12,000 ሊትር ጋር ሲደመር 22,000 ሊትር ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል። በቀሩት 22 ቁራሾች ላይ ያለው 12 ካሬ ሜትር ሁሉ ቢጠጣ በቀን 1,200 ሊትር ገደማ ይሄዳል፤ የተጠራቀመው ሦስት ሳምንት አይሞላም። በእያንዳንዱ ቁራሽ በበጋ አንድ መደብ፣ ማለትም 4 ካሬ ሜትር ብቻ ቢጠጣ ግን ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። ይህ በወረቀት ላይ ተሠርቶ ለአባላቱ ሲነበብ ጸጥታ ሆነ። ሦስቱንም መደብ ጎመን ማድረግ የሚፈልጉ ነበሩ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ የተደረሰው ሁለቱ መደቦች ሽምብራ ስለነበሩ ነው፤ «አይተከልም» ከማለት «ውኃ የማይጠጣ ነገር ይተከላል» ማለት ቀለለ።

መደቡ ላይ ጉዝጓዝ ተደረገ። ጭድ ለከብት ስለሚሸጥ ውድ ነው፤ አባላቱ የተጠቀሙት ፍሬ ሳያወጣ የታጨደ ሣርና የደረቀ የሽምብራ ተረፈ ምርት ነው። ጉዝጓዙ በሰኔ መነሣት አለበት። በክረምት የቀረ እንደሆነ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ከሥሩ ተጠልለው ሌሊት ሌሊት ችግኙን ይበላሉ።

የጅረቱ ውኃ። በየካቲት አንድ አባል ትንሽ ፓምፕ ገዝተን ከጅረቱ እንሳብ አለ። ጅረቱ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚገባ ነው፤ ከላይ ከመንደሮችና ከፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ከፍሬዎች ይልቅ የበለጠ ይይዛሉ። ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን ተህዋስ ይቀንሳል፤ በሥር ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ የተከማቸውን ብረት አያወጣም። ፓምፑ አልተገዛም። እኔ በዚህ ጓሮ ከተወሰኑት ሁሉ ጥሩው ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ የጠፋ ዕድል አድርጎ ያነሣዋል።

መርጨት። ክሽክሽ በጥር ሲበዛ አንድ አባል ከገበያ ፀረ ተባይ ገዝቶ ረጨ። በማግስቱ ጎረቤቱ እንደ ልማዳቸው ከእርሱም መደብ ጎመን ቀንጥሳ ልትወስድ ስትል ተደርሶባት ተመለሰች። በእያንዳንዱ ፀረ ተባይ ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ምርት ሳይነሣ የሚቆይበት ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ያንን ያነበበ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ቀላል ነው። የሚረጭ ሰው በመደቡ ላይ በእንጨት ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ቀኑ እስኪሞላ አያወርደውም። ለክሽክሽ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሞከረው የሳሙና ውኃና የተወረረውን ቅጠል ቆርጦ ማውጣት ነው። ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ያልሠራው

አሸዋ። ሁለት አባላት አፈሩን ለማላላት አሸዋ አስመጥተው መደባቸው ላይ ቀላቀሉ። ሸክላ በበዛበት አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ ሲጨመር አፈሩ አይላላም፤ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠነክራል። ለውጥ እንዲመጣ የሚያስፈልገው አሸዋ ከአፈሩ መጠን ጋር የሚወዳደር ነው። ገንዘቡ ለፍግ ቢውል ይሻል ነበር።

ጭስ። አባባ ለውርጭ ያመጡት መፍትሔ በሌሊት እርጥብ ሣር ማጨስ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ተሞከረ። የብሎኩ ነዋሪዎች መስኮት ዘግተው አማረሩ፤ ዝኩኒውም ጠቆረ። ትንሽ እሳት የሚሰጠው ሙቀት ወዲያው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጭሱም ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አያግድም። አባባ ስለ አፈሩ ሁሉን ያውቃሉ፤ ውርጩ ላይ ግን ምክራቸው አልያዘም፤ እሳቸውም «እኛ ለሽምብራ ውርጭ አንፈራም ነበር» ብለው ተቀበሉት። የተሻለ የሠራው ከምሽቱ በፊት መደቡን ማርጠብና በቀጫጭን እንጨት ላይ ጆንያ መዘርጋት ነው፤ ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል። ከዚህም የሚሻለው በታችኛው ረድፍ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ የማይችል ነገር አለመትከል ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ባቄላ ሌሊቱን ያልፉታል።

የክረምት ቲማቲም። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ላስቲክ ጣሪያ ሠርተው ቲማቲምን በክረምት ሊያድኑ ሞከሩ። ነፋሱ ላስቲኩን ቀደደው፣ ቲማቲሙንም ምች መታው። ቲማቲሙ በጥር ፈልቶ በየካቲት መጨረሻ ሲዛወር በሚያዝያና በግንቦት ፍሬ ሰጠ። ከዚያ ክረምቱ ሳይገባ መነቀል አለበት። ድንቹም ወደ በልግ ተዛወረ። ይህ የሚሆነው ግን በልጉ ሲዘንብ ወይም የተጠራቀመ ውኃ ሲተርፍ ነው፤ በልግ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ጓሮ ለመጀመር የሚያስብ ቡድን ከዘር በፊት አፈሩን በጉድጓድ ይፈትን። በሰኔ መጨረሻ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ቆፍሮ ውኃ ይሙላበት፤ ከጠለቀ በኋላ እንደገና ይሙላው። ሁለተኛው ውኃ በማግስቱም ካለ መደብና ቦይ ግድ ነው። በየካ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም፤ ለእርሱ ዋናው ነገር አፈሩ እንዳይሸረሸር መደቡን ተዳፋቱን አቋርጦ መሥራት ነው።

የውኃ መውረጃው ቦይ ከዕጣው በፊት ይሰመር። ዕጣ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ባለቤት አለው፤ የእያንዳንዱ ክንድ መሬት ድርድር ይሆናል። እዚህ ጓሮ ላይ ከጉልበቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደው ያ ድርድር ነው። ታችኛው ጥግም በመጀመሪያ ለጋራ ጉዳይ ይተው። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ለአንድ ቤተሰብ በዕጣ ሲደርስ ያ ቤተሰብ በአንድ ክረምት ይወጣል።

የሚተከለው ስፋት በየወቅቱ ይለያይ። 12 ካሬ ሜትር ያለው ሰው በጥቅምት አሥራ ሁለቱንም ሊተክል ይችላል፤ በጥር አራቱን። ይህን መቀበል ለብዙዎች ከቁፋሮው ይከብዳል፤ ባዶ የሚመስል መደብ እንደ ስንፍና ይታያል። ሽምብራ፣ ጓያ ወይም ባቄላ ያንን ሐሜት ያስቀራሉ።

መሬቱን ቀድሞ ያረሰ ሰው በአቅራቢያው ካለ ይጠየቅ። በዳርቻው መንደሮች እንዲህ ያሉ ሰዎች በጥበቃነት፣ በቀን ሥራ ወይም በአነስተኛ ንግድ ላይ ይገኛሉ። የሚያውቁት እህል ስለሆነ በአትክልት ሁሉ ላይ ልክ አይሆኑም፤ ውኃው መቼ እንደሚሸሽ ግን ከማንም የተሻለ ያውቃሉ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በ2016 መጨረሻ 19 ቤተሰቦች እየሠሩ ነበር። የወጡት አምስቱ ሁሉም በመሬቱ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለቱ ቤታቸውን አከራይተው ሄዱ። ከወጡት ቁራሾች አንዱ የጋራ ችግኝ ማፍያ ሆኗል፤ አባባም የራሳቸው መደብ ተሰጥቷቸው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተክለዋል።

ያልተፈታው የመሬቱ ፈቃድ ነው። እስካሁን የቃል ነው። ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሣል። ኮሚቴው የጽሑፍ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው። አባላቱ በዚህ ምክንያት ፍራፍሬ አልተከሉም፣ ሲሚንቶም አላፈሰሱም። ሮቶዎቹ የተቀመጡት በድንጋይ ካብ ላይ ነው፤ ቢነሡ በጭነት መኪና ይወሰዳሉ። በዚህ ዓመት የጋራው ቦይ እንደገና መጠረግ አለበት። ከመንገዱ የሚመጣው ፌስታል አፉን ይዘጋዋልና፣ ግንበኛው ከብረት ዘንግ ወንፊት ሊሠራለት ብየዳ ቤት ዋጋ ጠይቆ መጥቷል።